ለመስቀል መንገደኛ ሁለት ሁለት መጽሐፍ

መስከረም ሲጠባ ከአዲስ አበባ ወደ ወልቂጤ፣ ወደ እምድብርና ወደ ቡታጅራ የሚወርደው መንገደኛ በሻንጣው ምን እንደያዘ ለማወቅ ፈታሽ መሆን አያስፈልግም። ለእናት ነጠላ፣ ለአባት ጋቢ፣ ለልጆች ጫማ፣ ከዚያ ቡናና ስኳር። ክትፎውና ቆጮው እዚያው ይጠብቀዋል። መጽሐፍ ግን እምብዛም አይገኝበትም። ከተገኘም አውቶቡስ ውስጥ ተጀምሮ በደመራ ማግስት የት እንደገባ የማይታወቅ ነው።

ያም ሆኖ ይህን ዓምድ ከሚያነቡ ወጣቶች አንዳንዶቹ በዚህ ሰሞን “ጋሼ፣ አገር ቤት ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?” ማለታቸው አልቀረም። ዘንድሮ መልሴ አጭር ነው፤ አንድ አትያዙ፣ ሁለት ያዙ። አንዱ ልቦለድ፣ አንዱ ግለ ታሪክ ይሁን። ሁለቱም ስለ አንድ ዘመን ወይም ስለ አንድ ጉዳይ የሚያወሩ ቢሆኑ ደግሞ ይመረጣል።

እንዲህ የምለው ሁለቱንም ለየብቻ ስለማላምናቸው ነው። የእኛ አገር ግለ ታሪክ በአብዛኛው የባለሥልጣን ሥራ ነው፤ ባለሥልጣን ደግሞ ብዕር የሚያነሣው ሥልጣኑን ካጣ በኋላ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ የይግባኝ ማመልከቻ ጠረን ይኖረዋል። ጸሐፊው ሁልጊዜ አስቀድሞ ያስጠነቀቀ፣ ሰሚ ያጣ ሰው ነው። ጥፋቱን የሠራው ሌላ ነው፤ ያ ሌላ ሰውም ብዙውን ጊዜ ሞቷል። ልቦለድ በበኩሉ ስም ለውጦ ስለሚናገር ምላሱ ይፈታል፤ ነገር ግን አንባቢን ለማስደሰት ሲል አጋጣሚ ያበዛል፣ ፍቅረኞችን መንገድ ላይ ያገናኛል፣ ክፉውን ሰው ከመጠን በላይ ክፉ ያደርጋል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቡ ግን አንዱ የዘለለውን ሌላው ያነሣዋል። ሽማግሌም ቢሆን በአንድ ምስክር አይፈርድም።

ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው ጥንድ የአባትና የልጅ ሥራ ነው። የበጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ግለ ታሪክ የታተመው እሳቸው ካረፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ነው። በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ተወስደው እዚያ አደጉ፤ የመድፈኛ ትምህርት ተምረው ተመለሱ። ‹ፋቡላ› የተባለውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ተውኔት የጻፉ፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው የተሟገቱ ሰው ናቸው። መጽሐፋቸው ኩሩ ነው፤ ኩራቱንም አይደብቅም። ማንንም ለማስደሰት የተጻፈ አይመስልም፤ የምወድደውም ለዚህ ነው። የሰለቸኝ ቦታ የለም ባልል ይሻላል፤ ከሹማምንት ጋር የነበረው ቅያሜ እየተደጋገመ ሲመጣ ገጽ መዝለል ያምራችኋል። አትዝለሉ፤ የዘመኑ አስተዳደር ከአዋጁ ይልቅ በቅያሜው ውስጥ ይታያል።

ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ደግሞ በ1940ዎቹ ‹አርአያ›ን አሳተሙ። ለትምህርት ፈረንሳይ ሄዶ የተመለሰ ወጣት አገሩን ሊያገለግል ሲሞክር የሚገጥመውን የሚተርክ ልቦለድ ነው። እንደ ልቦለድ ካየነው ዛሬ አርጅቷል። ገጸ ባሕርያቱ ረዘም ያለ ንግግር ያበዛሉ፤ አርአያም ከእውነተኛ ሰው ይልቅ ስሙን ወደ መሆን ያዘነብላል። ከአባቱ ግለ ታሪክ ጎን ስታስቀምጡት ግን ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ልጅ አባቱን ከእሳት አውጥቶ፣ አቧራውን አራግፎ፣ ቅያሜውን አጥቦ ሊያሳየን የፈለገ ይመስለኛል። አባት በገዛ እጁ የጻፈው ሰው ይቆጣል፣ ይሳሳታል፣ ያኮርፋል፤ ልጅ የጻፈው ሰው ያዝናል እንጂ አይሳደብም። ከውጭ ተምሮ የሚመለስ ዘመድ ያለው ቤተሰብ ሁለቱንም ቢያነብ በምሳ ሰዓት የሚከራከርበት ጉዳይ አያጣም።

ሐዲስ አለማየሁንም በዚሁ መንገድ ማንበብ ይቻላል። ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ጀምሮ ያላነበበው ሰው እንኳ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሰምቶታል። ‹ትዝታ›ን ያነበበው ግን ጥቂት ነው። የጦርነቱንና የጣሊያን እስረኛነታቸውን ታሪክ የሚያስታውሱበት መጽሐፍ ነው። በልቦለዱ ውስጥ መኳንንቱን ያን ያህል በፌዝ የሚገርፈው ብዕር በትዝታው ውስጥ እንዴት እንደሚለዝብ ማየት ብቻውን የመጽሐፉን ዋጋ ይከፍላል።

ወደ ደርግ ዘመን ስንመጣ ግለ ታሪኩ ይበዛል፤ እውነቱ ግን አብሮ መብዛቱን እጠራጠራለሁ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ‹ትግላችን›ን፣ ፍቅረ ሥላሴ ወግደረስ ‹እኛና አብዮቱ›ን፣ ፍሥሐ ደስታ ‹አብዮቱና ትዝታዬ›ን ጽፈዋል። ሦስቱም ወፍራም ናቸው። አንዱን ብቻ ያነበበ ሰው ያንን ሰው አምኖ ይነሣል፤ ሦስቱንም ያነበበ ማንንም ሳያምን ይቀራል። ስለዚህ ከነዚህ አንዱን የሚይዝ መንገደኛ የበዓሉ ግርማን ‹ኦሮማይ› አብሮ ይያዝ። በ1975 ዓ.ም. የወጣው ይህ ልቦለድ በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ ሆኖ ያየ ሰው ሥራ ነው። ደራሲው በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹም ነበር። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራ ተባረረ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ የት እንደደረሰ ሳይታወቅ ቀረ። ‹ኦሮማይ›ን እንደ ፍቅር ታሪክ ብቻ የሚያወድሱት ሰዎች ሁልጊዜ ይገርሙኛል። የፍቅሩ ክፍል በእኔ ግምት ከመጽሐፉ ደካማው ነው። ጉልበቱ ያለው በስብሰባው፣ በሆቴሉ አዳራሽና በሹማምንቱ ወሬ ላይ ነው።

የሴት ብዕር ለሚፈልግ የሕይወት ተፈራን ‹ማማ በሰማይ› እጠቁማለሁ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በኋላ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ በኢሕአፓ ውስጥ ያለፈች ወጣት ትዝታ ነው። ሕይወት ተፈራ ጥፋትን ከራሷ ወገን ለመጀመር አልፈራችም። ልቦለድ የማንበብ ልማድ ያለው ሰው ግለ ታሪክ ልጀምር ካለ በዚህ ይጀምር።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። እንዳለጌታ ከበደ የበዓሉ ግርማን ሕይወትና ሥራዎች አጥንቶ የጻፈውን ብዙዎች ያውቁለታል። ስለ የቃቄ ውርድወት የጻፈው ‹እምቢታ› የተባለው ልቦለድ ግን ጉራጌ አገር ሊነበብ የሚገባውን ያህል እየተነበበ አይመስለኝም። ውርድወት ሴት ያለ ፈቃዷ በትዳር ታስራ እንዳትኖር የሰባት ቤት ጉራጌን ሽማግሌዎች በየጆካ ሸንጎ የሞገተች የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሴት ናት። በጫንያለው ወልደ ጊዮርጊስ ተውኔት መድረክ ላይም ወጥታለች። እሷ የጻፈችው ምንም ነገር የለም። በአፍ የቆየውን ነው ደራሲዎቹ የተቀበሉት። ስለዚህ የዚህ ልቦለድ ጥንድ የሚሆን ግለ ታሪክ ከሱቅ አይገዛም፤ ክርክሩን ከእናቷ የሰማች አሮጊት ፈልጎ ማግኘት ይጠይቃል።

የጉራጌዋ ቸሃ ግን ከዚህ የተሻለ ዕድል ነበራት፤ ሳናውቀው ቀረን እንጂ። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ቸሃ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ብዙ አንባቢ የሚያውቃቸው የቻርልስ ዲከንስንና የቪክቶር ሁጎን ሥራዎች ወደ አማርኛ በመመለሳቸው ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ግን ማንም ያልሞከረውን ሞክረው ነበር። ስለ አንድ የገጠር ልጅ ስለ ሽነጋ በገዛ ቋንቋቸው በቸሃ ጻፉ። የጉራጌን ቋንቋዎች ዕድሜውን ሙሉ ያጠናው ቮልፍ ሌስላው ወደ እንግሊዝኛ መለሰው፤ በ1964 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ‹የሽነጋ መንደር› ተብሎ ታተመ። እስቲ ይህን ልብ በሉት፤ በቸሃ የተጻፈውን የመጀመሪያ ልቦለድ ሎስ አንጀለስ ያለ አንባቢ ከእምድብር አንባቢ ቀድሞ አገኘው። የእንግሊዝኛው ቅጂ በየዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት አለ። የቸሃውን ጽሑፍ በመጽሐፍ መደብር መደርደሪያ ላይ አይቼው አላውቅም።

‹የሽነጋ መንደር› በጠባብ ሚዛን ከተመዘነ ልቦለድ ለመባል ይቸገራል። አንድ ወጥ ሴራ የለውም፤ ከልጅነት ወደ ጉልምስና የሚሄዱ የሕይወት ትዕይንቶች ናቸው። ይህን እንደ ድክመት የሚቆጥር ኃያሲ አለ፤ እኔ ጥንካሬው እላለሁ። ልቦለድም ግለ ታሪክም በአንድ ቆዳ ውስጥ ሆነው ስለሚያወሩ፣ በዚህ ዓምድ ከጠራኋቸው መጻሕፍት ውስጥ ጥንድ ሳይፈልግ ብቻውን የሚቆመው እሱ ብቻ ነው። ደራሲው ሽነጋን ሲያሳድጉ ራሳቸውን እያሳደጉ እንደሆነ አንባቢ ይጠረጥራል፤ ግን ‹እኔ› ስለማይሉ መመጻደቅ አይገባበትም።

ሌላው ሥራቸው ‹አፈርሳታ› ነው። በቀጥታ በእንግሊዝኛ ጽፈውት በ1969 እ.ኤ.አ. በሃይነማን የአፍሪካ ደራስያን ተከታታይ ሕትመት 52ኛ ቁጥር ሆኖ ወጣ። ቺኑዋ አቼቤ ያኔ የተከታታዩ አርታኢ ነበር። የአንድ ሰው ቤት ይቃጠላል፤ ያቃጠለውን ለማውጣት የአካባቢው ሰው በአፈርሳታ ይሰበሰባል። የወንጀል ልቦለድ የሚወድ ሰው “ማን አቃጠለ?” ብሎ ይጀምረዋል፤ ጥቂት ገጽ ሄዶ ግን ጥያቄው ሌላ መሆኑ ይገባዋል። መንደሩ እንዴት ይጠራጠራል፣ ማን ከማን ጎን ይቀመጣል፣ ማን ዝም ይላል? እንከንም አለው። ደራሲው ታሪኩን እያስቆሙ ለባዕድ አንባቢ ልማዱን ያስረዳሉ፤ የቸሃ ሰው እዚያ ቦታ ላይ “ይሄን ማን አያውቅም!” ማለቱ አይቀርም። ለማን እንደተጻፈ ሲታሰብ ግን ይቅር ይባላል። በዚያው ሰሞን፣ በ1966 እ.ኤ.አ.፣ አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊሊያም ሻክ ቸሃ ውስጥ ኖሮ ያጠናውን የጉራጌና የእንሰት ባህል ጥናቱን አሳትሞ ነበር። ሻክ ከውጭ ገብቶ ያየውን ሣህለ ሥላሴ ከውስጥ ወጥተው ያስረዳሉ። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ላነበበ ሰው የማን ዓይን ምን እንደሳተ መፈለጉ ራሱ ጨዋታ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የጎደለው የነጋዴው ግለ ታሪክ ነው። መርካቶን ከሠሩት መካከል ስንቱ ከቸሃ፣ ከእዣ፣ ከሶዶ፣ ከመስቃን በእግሩ ወጥቶ ጫማ ጠርጎ፣ ሸክም ተሸክሞ፣ ሱቅ የከፈተ ነው! ጄኔራሎች ጻፉ፣ ሚኒስትሮች ጻፉ፣ የፓርቲ ሰዎች ጻፉ። እቁቡን መሥርቶ፣ ዘመዱን ሁሉ ከተማ አምጥቶ፣ ሱቁ በ1967ቱ የደርግ የውርስ አዋጆች ማግሥት ምን እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ግን እምብዛም አልጻፈም። በዚያ ላይ ለአንድ ትውልድ መጽሐፍ በመንገድ ዳር ያከራየውና አዙሮ የሸጠው ነጋዴ ብዙውን ጊዜ ከዚሁ አገር የመጣ ልጅ ነበር። የሰውን ግለ ታሪክ ሲሸጥ የራሱን የጠየቀው አልነበረም።

ስለዚህ የዘንድሮ ምክሬ እንደ ሰዉ ይለያያል። ክርክር ለሚወድ ቤት የአባትና የልጁን ጥንድ፤ ፖለቲካ ሳያነሡ መብላት ለማይችሉ ወንድማማቾች ‹ኦሮማይ›ንና ከሦስቱ ሹማምንት አንዱን፤ ለምታገባ እህት ‹እምቢታ›ን። በእንግሊዝኛ የሚያነብ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ደግሞ ‹የሽነጋ መንደር›ን ከቤተ መጻሕፍት ተውሶ ይሂድ። ከደመራ በኋላ ባለው ሥራ ፈት ቀን አንዱን ምዕራፍ ወደ ቸሃ እየመለሰ ለአያቱ ያንብብላት፤ “እንዲህማ አልነበረም!” ብላ በምታቋርጠው ቦታ ሁሉ በእርሳስ ምልክት ያድርግና ታዲያ እንዴት ነበር ብሎ ይጠይቃት።