የናት በርሄ ባት

ልጅ ወይም የልጅ ልጅ አሜሪካ ያላችሁ፣ «እግር ኳስ ይጫወታል» ሲሏችሁ የኛን ጨዋታ እንዳታስቡ። የነሱ ኳስ እንቁላል መሳይ ነው፤ በእጅ ይያዛል፣ የያዘው ሰው እየተገፋ ይጣላል። የራስ ቁር የሚያደርጉትም ለዚሁ ነው።

ናት በርሄ የሚባል የኤርትራ ዘር ያለው ልጅ በዚህ ጨዋታ ተከላካይ ነበር። የተሰለፈበት ቦታ ሴፍቲ ይባላል፤ ሌሎቹን አልፎ የመጣውን የሚይዝ የኋላ ዘብ ነው። ሳንዲያጎ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተጫውቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ኒውዮርክ ጃያንትስ ወሰደው። በ2015 ግን አንድም ጨዋታ አልተሰለፈም፤ ባቱ ውስጥ ደም ረግቶበት ነበር። በ2016 ተመልሶ ጭንቅላቱን ተመታና እንደገና ከሜዳ ወጣ። የጭንቅላቱን ነገር ሌላ ሳምንት እናየዋለን።

ያ ጎረምሳ በየቀኑ የሚሮጥ፣ ሐኪም አጠገቡ ያለው ነው። እዚህ ገነተ ማርያም ባት ሲያም መጀመሪያ የሚመጣው ቅቤና ወጌሻ ነው። ለወለምታ ወጌሻን አልነቅፍም፤ ጥሩ እጅ ያላቸው አሉ። አንድ እግር ብቻ ካበጠ፣ ከሌላው ይልቅ ከሞቀና ባቱ ካመመ ግን አትሹት። የረጋው ደም ተነቅሎ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ያኔ ትንፋሽ ድንገት ያጥራል፣ ደረት ይወጋል፣ አንዳንዴም ደም ያስላል። ይህ ከታየ ለሊትም ቢሆን በሽተኛውን ይዞ መሮጥ ነው።

ከሁሉ የምሰጋው ለአራስ ነው። ከወለደች በኋላ ያሉት ስድስት ሳምንታት ደም የሚረጋባቸው ናቸው፤ እኛ ደግሞ «አትነሺ፣ ብርድ ይመታሻል» እያልን አልጋ ላይ እናከርማታለን። አያቶች፣ ገንፎውን አጉርሷት፤ ግን እቤት ውስጥም ቢሆን ትንቀሳቀስ። ለገና ከአዲስ አበባ ላሊበላ በአውቶቡስ የሚመጡ አረጋውያንም መኪናው በቆመ ቁጥር ይውረዱ፣ ውኃ ይጠጡ።

ሆስፒታል በአልትራሳውንድ ያዩታል፤ ከተገኘ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ለሦስት ወር። «ተሻለኝ» ብሎ በመካከል ማቋረጥ የለም።

እቤት ሜትር ከሌለ ክር ይበቃል። ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር ሳይሞላ፣ ሁለቱንም ባቶች እኩል ቦታ ላይ ለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ሁለት ጣት ያህል፣ ከበለጠ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቢያንስም ሕመሙና ሙቀቱ ካለ መሄዱ አይቅር።