ሦስተኛውን ማን ይጠብቀው?

የብስክሌት ክበባችን ከፋሲካ በኋላ በሚደረገው የተማሪዎች የጎዳና ውድድር ለመሰለፍ ከጥር ወር ጀምሮ ሲዘጋጅ መቆየቱን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። አባሎቹ ዘጠኝ ናቸው። የራሳቸው ብስክሌት ያላቸው አራት ብቻ ሲሆኑ፤ የቀሩት ኅብረቱ በገዛቸው ሁለት የውድድር ብስክሌቶችና ከወዳጅ በሚዋሱት ይነዳሉ። አሁን ለክበቡ ኮሚቴ አንድ አሳብ ቀርቧል፤ ይኸውም ሁለቱ የኅብረቱ ብስክሌቶች ለሁለቱ ፈጣን አባሎች እንዲሰጡ፤ እነርሱም የእሑዱን ልምምድ ለብቻቸው እንዲያደርጉ፤ ሌላው ደግሞ እንደ ችሎታው በግቢው ዙሪያ እንዲለማመድ የሚል ነው። ኮሚቴው የሚወስነው ሐሙስ ማታ ነው። ከዚያ በፊት እኛም የምንለው አለን።

አሳቡን ያቀረቡት ወንድሞቻችን በክፋት እንዳላቀረቡት እናምናለን። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ከአዲሱ ገበያ በላይ ያለውን ዳገት የወጣ ሰው፤ ከላይ ቆሞ የኋለኛውን መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያስመርር ያውቀዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ይበልጣልና ላብ ያራሰው ሸሚዝ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ፈጣኑ «በሌላው ድካም እኔ ለምን ልቀጣ?» ቢል አይፈረድበትም።

ነገር ግን ዳገቱ ካለቀ በኋላ የሱሉልታ ሜዳ ይመጣል። በሜዳ ላይ የብስክሌተኛ ዋና ጠላቱ ነፋስ ነው፤ ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር አብዛኛው ጉልበቱ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ከፊቱ ሰው ኋላ ተጠግቶ የሚነዳ ግን ከጉልበቱ እስከ ሢሶ ድረስ ያተርፋል። ስለዚህ አራት መካከለኛ ሰዎች በተራ እየመሩ፤ እያንዳንዱም ጥቂት ነፋሱን ተቀብሎ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢነዱ፤ ከአራቱም የሚበልጥ ጎበዝ ብቻውን ሆኖ ሊያመልጣቸው ይቸግረዋል። ነፋሱ ከጎን ሲመጣ ደግሞ በሰያፍ መሰለፍ ያስፈልጋል። ይህ በመጽሐፍ ብቻ የሚማሩት አይደለም። የሌላውን የኋላ ጎማ በአንድ ክንድ ርቀት ለመከተል፤ ያ ሰው በድንገት ፍሬን እንደማይዝ፤ ጉድጓድ ሲያይም በእጁ እንደሚያመለክት ማመን ያሻል። የፊት ጎማው የፊተኛውን የኋላ ጎማ የነካበት ሰው ብዙ ጊዜ መውደቁ አይቀርም። በጥር መጨረሻ ከመካከላችን አንዱ እንዲሁ ወድቆ ክንዱ ተልጦ ተመልሷል፤ ያን ቀን ከፊቱ የነበረው ከዚያ በፊት አብሮት ነድቶ የማያውቅ ሰው ነበር።

የውድድሩ ሕግስ ምን ይላል? የቡድን ውጤት የሚያዘው የሦስት ሰዎች ሰዓት ተደምሮ ነው። ይህ ዓይነቱ ቁጥር አዲስ አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በሜልቦርን፤ በኅዳር 1949 ዓ.ም.፤ ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ 187 ኪሎ ሜትር ያህል በነዱበት ውድድር የቡድን ደረጃ የተሰጠው የሦስት ሰዎች የአገባብ ተራ ተደምሮ ነበር። በግል አንደኛ የወጣው ጣሊያናዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ ነው፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ቀድሞ ነበር የገባው። በቡድን ያሸነፈችው ግን ፈረንሳይ ናት፤ ጣሊያን ከሜዳሊያ ተራ እንኳ አልገባችም። በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያውያን ሁሉ አስቀድሞ በቱር ደ ፍራንስ የተሰለፈው ጽጋቡ ግርማይም ቢሆን በዚያ ትልቅ ሙያ የኖረው ይበልጡን የቡድን ጓደኞቹን በማገልገል ነው።

የእኛን ሁለት ፈጣኖች እናውቃቸዋለን። ሦስተኛው ከቀሩት ሰባት አንዱ ነው፤ ማን እንደሆነ ገና አልታወቀም። ምናልባት ብስክሌት መንዳት የተማረው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ የሆነ፤ ካቴናው በየዳገቱ የሚወልቅበት ያ ልጅ ይሆናል። በግቢው ዙሪያ ሲሽከረከር ቢከርም ነፋስ መከፋፈልን ከየት ይማረዋል?

የብስክሌት ባለቤቶች ደግሞ አንድ እውነተኛ ቅሬታ አላቸው፤ ሳንናገረው ብናልፍ አድልዎ ይሆንብናል። የተዋሰ ሰው ካቴናውን ሳይጠርግ፤ የተበሳውን ካላማዳሪያ ሳያስለጥፍ፤ ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ይሄዳል። ለጎሚስታ የሚከፍለው ሁልጊዜ ባለቤቱ ነው። ይህ ነውር ነው። (የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅም ከነዚህ ተዋሾች አንዱ ነውና ያለበትን ዕዳ እስከ ሐሙስ ይከፍላል።)

እንግዲህ ለኮሚቴው የምናቀርበው አሳብ የሚከተለው ነው። ፈጣኖቹ ማክሰኞና ዓርብ እንደ ፈቀዱ ለብቻቸው ይንዱ፤ እሑድ ግን ዘጠኙም አብረው ይውጡ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ካለው ሻይ ቤት ዘንድ እስከ ዐሥር ደቂቃ ይጠባበቁ፤ ከዚያ ወዲያ የሱሉልታን ሜዳ በተራ እየመሩ አብረው ይለፉት። ሁለቱ የኅብረቱ ብስክሌቶች ለማን እንደሚሰጡ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ይወሰን። የሚዋስ ሁሉ ለጥገና በየወሩ ጥቂት ያዋጣ፤ መዝገቡንም ገንዘብ ያዡ ይያዝ።

የሐሙሱ ስብሰባ ለአባል ሁሉ ክፍት ነው። የፊታችን እሑድ መነሻው እንደ ወትሮው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲሆን፤ መንፊያ ያለው ሰው ይዞ ይምጣ፤ የክበቡ ተሰብሯል።