«ድሪቶ ሰፊው ቲቸር» ላላችሁኝ

ባለፈው ሳምንት የክበባችን ተማሪዎች ከቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥመው የሰፉትንና በጣሳ የተከሏቸውን አበቦች ፎቶ ለጥፌ ነበር። ብዙዎቻችሁ አበረታታችሁን፤ እግዜር ይስጥልኝ። የቀሩት ኮመንቶች ግን ሦስት ዓይነት ናቸው። አንድ በአንድ ልመልስ።

አንደኛ፦ «ጨርቅና አበባ የሴት ሥራ ነው፣ ወንዶቹን አታበላሽ።»

እንዴ! የለበስከውን ሱሪ ማን ሰፋው? በየሰፈሩ ሲንጀር ላይ አጎንብሶ የሚውለው ማነው? በአብዛኛው ወንድ ነው። በባህላችን ጥጥ የምትፈትለው ሴቷ፣ ሸማ የሚሸምነው ወንዱ ነው፤ የዶርዜ ሸማኔዎችን ጠይቁ። ስለዚህ ነገሩ የጾታ ጉዳይ አይደለም፤ የእጅ ሥራን መናቅ ነው። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ አንጥረኛውን «ጠይብ» እያልን ስንሰድብ ኖረናል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ እንዲቀር በአዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ይኸው ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ከመንደር ወደ ፌስቡክ ተዛወረ እንጂ አልቀረም።

ቀልድ ነው የምትሉ ካላችሁ ልንገራችሁ። ኮመንቶቹን ያነበበ አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ እኔ ያለሁበትን ፎቶ ያጥፉልኝ» አለኝ። ከሁሉም ቀጥ ያለ ስፌት የሰፋው እሱ ነበር። አጠፋሁለት። የጻፋችሁት ይሄን ነው የሠራው።

ሁለተኛ፦ «ይሄ ድሪቶ ነው፣ ድህነታችንን አታሳየን።»

አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ ጂስ ቤንድ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ያሉ ጥቁር ሴቶች፣ በባርነት የኖሩ ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ ከአሮጌ የሥራ ልብስና ከተቀደደ ጂንስ ኩዊልት ይሰፉ ነበር። ለጌጥ ሳይሆን ለብርድ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በሂውስተን የሥነ ጥበብ ሙዚየም ተሰቀለ፣ ቀጥሎም ኒው ዮርክ ሄደ። በ2006 የአሜሪካ ፖስታ ቤት ቴምብር ላይ አተመው። እኛ ብናየው ድሪቶ ነበር የምንለው። የሚያሳፍረው ቁርጥራጩ ሳይሆን የሚያይ ዓይን ማጣት ነው።

ሦስተኛ፦ «ትምህርቱን ትተህ ታጫውታቸዋለህ።»

ይሄኛው እንኳ መልስ ይገባዋል። 10 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ሦስት ጨርቆች ጎን ለጎን ሲሰፉ ስንት ይሆናሉ? ክፍሉ በሙሉ «30» አለኝ። ስፌቱ በእያንዳንዱ ጠርዝ 0.75 ሳ.ሜ. ይበላል፤ ሁለት መጋጠሚያ፣ አራት ጠርዝ፣ 3 ሳ.ሜ. ሄደ። 27 ነው። ይሄንን በሰሌዳ ብነግራቸው በማግስቱ ይረሱታል፤ ብሎኩ አልገጥም ሲላቸው ግን አይረሱትም። ጥጥና ቴትሮን አንድ ላይ ሰፍተው ለጥጡ በሚሆን ግለት ሲተኩሱ ቴትሮኑ ተጨማተረ። ቀዩን ጨርቅ ሳያጥቡ ከነጩ ጋር ሰፍተው ሲያጥቡት ነጩ ሮዝ ሆነ። ይሄ ሙከራ ካልሆነ ሙከራ ምንድነው?

አበባውም እንደዛው። አንዱን ጣሳ ከሥሩ በሚስማር በሳነው፣ ሌላውን ተውነው፤ እኩል ውሃ ጠጡ። ያልተበሳው ሥሩ አየር አጥቶ በሰበሰ። ኮሊየስ የሚባለውን ባለቀለም ቅጠል አንዱን ጥላ፣ አንዱን ኃይለኛ ፀሐይ ላይ አኖርን፤ የፀሐዩ ቀለሙ ደበዘዘ። የቦገንቪሊያ ሐምራዊ «አበባ» ደግሞ ቅጠል መሆኑን፣ እውነተኛው አበባ መሐል ላይ ያለችው ትንሿ ነጭ መሆኗን በአጉሊ መነጽር አዩ። ይሄ ሁሉ የሆነው ዓርብ በክበብ ሰዓት ነው፤ ከሂሳብ ክፍለ ጊዜ አንድ ደቂቃ አልተነካም።

«በዚህ ኑሮ ውድነት አበባ?» ለምትሉም፦ ልክ ናችሁ፣ አበባ ጤፍ አያረክስም። ግን ጣሳው የተጣለ ነው፣ ጨርቁ ልብስ ሰፊ የሚጠርገው ነው፣ ግንጣዩ ከጎረቤት ነው። ያወጣነው ለክርና ለመርፌ ብቻ ነው። ድሃ ስለሆንን ውበት አይገባንም ያለው ማነው?

በሉ እንግዲህ። የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ልብስ ስፌት ቤት ያላችሁ ቁርጥራጩን አትጣሉብን፤ ጥጡንና ቴትሮኑን ለይታችሁ አስቀምጡልኝ፣ መጥቼ እወስዳለሁ። ባዶ ጣሳ ያላችሁም እንዲሁ። ለመሳደብ የመጣችሁ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ቁልፍ ተክላችሁ ፎቶውን ኮመንት ላይ አድርጉ፤ ከዚያ እንነጋገራለን።