የሰነድ ባለቤት ማነው?

ገርጂ ቤቴ መብራት ስለጠፋ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ካፌ ተቀምጬ የተማሪዬን የመመረቂያ ጽሑፍ አርማለሁ፤ ያውም በግል ጂሜይሌ። ዩኒቨርሲቲያችን የሰጠኝ የመምህርነት ኢሜይልማ አለ። የይለፍ ቃሉን ላስቀይር ብል «ደብዳቤ አጽፈህ ና»፣ አጽፌ ብሄድ «ባለሙያው ወጣ ብሏል፤ ነገ ተመለስ»። ነገ አያልቅም!

«በጀት የለም» የሚል አይጠፋም። ኧረ ተዉን! ጉግልም ማይክሮሶፍትም በጋራ መጻፊያውንና በርቀት መሰብሰቢያውን በመሠረታዊ ደረጃ ለትምህርት ተቋማት በነጻ ይሰጣሉ። የጠፋው ገንዘብ ሳይሆን ባለቤት ነው።

መጋቢት 2012 ኮሮና ዩኒቨርሲቲዎችን ሲያዘጋ ተማሪዎቻችንን በየግል ቴሌግራማችን አገኘናቸው። ያኔ ጭንቅ ነበር፣ ይሁን። ዛሬስ? የትምህርት ክፍላችን ቃለ ጉባኤ፣ የፈተና ጥያቄ፣ የተማሪ ውጤት ያለው በየግል አካውንታችን ነው። አንድ ባልደረባችን ወደ ውጭ ሲሄድ የሁለት ተማሪዎች የጥናት መረጃ አብሮት ሄደ፤ ልጆቹ እንደገና «ሀ» ብለው ጀመሩ።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ ስለቀለለኝ ዝም ብያለሁ። ግን የመሥሪያ ቤቱን መኪና በስሜ ባዞር ፍርድ ቤት እቆም ነበር። ሰነዱን በስሜ ሳስቀምጥ የሚጠይቀኝ የለም። ዕውቀት ከመኪና አነሰ ማለት ነው?