ክረምት በእርግጥ የደስታ ወቅት ነውን?



በአውሮፓና በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሰኔና ሐምሌ ሲመጣ «ሰመር ገባ» ብለው ይደሰታሉ። ፀሐዩ ይሞቃል፣ ልጆች ከትምህርት ያርፋሉ፣ ሰው ለሽርሽር ይወጣል። እኛ ዘንድ እነዚያው ወራት ክረምት ናቸው። ክረምትንም የሚያወድስ ሞልቷል፤ ትኩስ ቡናው፣ የሽምብራ ቆሎው፣ ቆርቆሮውን የሚመታው ዝናብ ሁሉ ይወራለታል። ግን ይህ ደስታ የሁላችን ነው ወይስ ጣሪያው የማያፈስ፣ ጎተራው ያልተሟጠጠ ሰው ብቻ? ጥያቄውን ከይፋግ፣ ከአዲስ ዘመንና ከወረታ ሆነን እንመልከተው።

ዝናብ የአላህ (ሱ.ወ.) ራሕመት መሆኑን ማንም አይክድም። ለፎገራ ሜዳማ ሕይወቱ ነው። ርብና ጉማራ ከጉና ተራራ በኩል ለም አፈር ተሸክመው እየወረዱ ሜዳውን ያለብሱታል። በ1970ዎቹ ወደ አካባቢው የገባው ሩዝም ለሌላ እህል የማይመቸውን ውሃ የተኛበት መሬት እንጀራ የሚወጣበት አድርጎታል። ሣሩ ሲለመልም የላሟ ወተት ይጨምራል፤ ጓሮው በጎመን ይሞላል። እንግዲህ ክረምትን መውቀስ አይገባም። ሆኖም ክረምት የሚያስደስተው የተዘጋጀለትን ቤት ነው። ያልተዘጋጀው ቤት ዕዳውን በልጆቹ ጤና ይከፍላል፤ የዕዳው ትልቁ ክፍል የሚመጣውም ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።

ከውሃው እንጀምር። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ጎርፍ በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከቤታቸው እንዳፈናቀለ የአካባቢው ሰው አይረሳውም። ጎርፍ ቤት ባያፈርስ እንኳ የመፀዳጃውንና የሜዳውን ቆሻሻ ወደ ምንጭና ወደ ጉድጓድ ያስገባል። የሕፃናት ተቅማጥ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውን፣ የውሃና የምግብ ዕቃም ሌሊት እንዲከደን ማዘዛቸውን እናስታውስ። ስለዚህ በክረምት የሚጠጣ ውሃ ይፈላ፤ ማገዶ ከቸገረም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ ይታከም። ወተትም ሳይፈላ አይጠጣ። ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ጡት አይከልከል፤ ኦ.አር.ኤስ. እየተሰጠው ቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

ሁለተኛው ጉዳይ ማዕዳችን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ማሳው አረንጓዴ፣ ጎተራው ግን ባዶ የሚሆንባቸው ወራት ናቸው። በዚህ ጊዜ ብዙ ቤት ወደ ጓያ ያዘነብላል። ጓያ በሜዳችን የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ በቀረው እርጥበት የሚበቅል፣ ዋጋውም የሚቀል እህል ነው። ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ እግርን ሽባ ያደርጋል፤ ይህ ጉዳት አንዴ ከደረሰ አይድንም። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ዋናው ግን ጓያን ብቻውን የየዕለት ምግብ አለማድረግ ነው። የሩዝ እንጀራም ቢሆን ከምስር ወይም ከባቄላ፣ ከጓሮ ጎመንም ጋር ሲበላ ነው ልጅን የሚያሳድገው። አባወራዎች ሆይ! በጥርና በየካቲት እህል ስትሸጡ የነሐሴን ማዕድ አስቡ።

ሦስተኛውና ከባዱ ወባ ነው። መስከረም ሲጠባ ሰማዩ ይጠራል፣ አደይ አበባ ይፈካል፤ ሁላችንም «ክረምቱ በሰላም ወጣ» እንላለን። ያቆረው ውሃ ግን የወባ ትንኝ የምትፈለፈልበት ሆኖ ይቆያል፤ ዋናው የወባ ወቅትም ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2024 ከጥር እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን መመዝገባቸውን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። አጎበርን የዓሣ መረብ ወይም የእህል መጠቅለያ ማድረግ እንግዲህ ምን ይባላል? አጎበሩ በቂ ካልሆነ ነፍሰ ጡሯና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ይቅደሙ።

ትኩሳት ሲመጣም «ወባ ናት» ብሎ ከሱቅ ኪኒን መዋጥ ይቅር። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲቀሰቀስ ሕመሙ በመጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ መስሎ ነበር፤ እስኪታወቅም ብዙ ሰው አልቋል። ትኩሳት በጀመረ በ24 ሰዓት ውስጥ ደም ይመርመር። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ሰውነትን የሚያከሳና ጣፊያን የሚያሳብጥ ትኩሳት ከሆነ ደግሞ የካላዛር ምርመራ ይጠየቅ።

«ሁሉም በአላህ ቀደር ነው፤ ድሃ ምን ማድረግ ይችላል?» የሚሉ አሉ። ቀደር እውነት ነው፤ ሰበብ ማድረስ ግን የእኛ ድርሻ ነው። የቤትን ዙሪያ ማፋሰስ፣ እንስራን መክደን፣ አጎበር ዘርግቶ መተኛት ገንዘብ አይጠይቅም። የመስጂድ ጀመዓም ከውዱእ ማድረጊያው እየፈሰሰ በግቢው የሚያቁረውን ውሃ በአንድ ጁሙዓ ማግስት ቦይ ቀዶ ሊያስወጣው ይችላል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ በግቢው የሚቀመጡትን ሽማግሌዎችና የቁርኣን ተማሪዎች የምትነድፈው ትንኝ ከሩቅ የመጣች ላትሆን ትችላለችና።

ስለዚህ «ክረምት የደስታ ወቅት ነውን?» ለሚለው ጥያቄ መልሱን በሐምሌ ዝናብ ሥር ቡና እየጠጣን አንስጥ። ኅዳር ላይ ልጆቻችንን እንቁጠር፤ ሁሉም ጤነኛ ሆነው ሩዙን አብረውን ካጨዱ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ክረምቱ የደስታ ነበር። አላህ የራሕመት ክረምት ያድርግልን፤ አሚን።