ከጥር 25 ማግስት፦ ፈረስና ሥራ ፈላጊው ወጣት በደቡብ ጎንደር

በየዓመቱ ጥር 25 ቀን የቅዱስ መርቆሬዎስ በዓል በደብረ ታቦር ሲከበር ከተማዋ የፈረሰኞች ትሆናለች። ሰማዕቱ በፈረስ ላይ ተቀምጠው የሚሣሉ በመሆናቸው በዓሉና ፈረሱ ተነጣጥለው አይታዩም። በጉግሱ ሜዳ አንዱ ያሳድዳል፤ ሌላው ጋሻውን መክቶ ያመልጣል። በዚያች ዕለት እልልታ የሚቀበለው ጋላቢ አብዛኛውን ጊዜ ወጣት ነው።

በማግስቱ ግን ኮርቻው ይወርዳል፣ ጌጡ ይሰቀላል። ወጣቱም የቤተሰቡ መሬት ለወንድማማቾች ተከፋፍሎ ወደማይበቃበት፣ ትምህርቱን ቢጨርስም ቅጥር ወደማያገኝበት ኑሮው ይመለሳል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በክልሉ የዘለቀው የጸጥታ ችግር ደግሞ ትምህርትንም ንግድንም መንገድንም በማወኩ የሥራ ፈላጊው ጭንቀት ከኪስ አልፎ ወደ መንፈስ ገብቷል። ቤት የዋለ፣ ከሰው የራቀ፣ ነገን ማሰብ የተወ ወጣት በየሰፈሩ አለ። በዓመት አንድ ቀን ክብር የሚያስገኘው ፈረስ ለቀሪዎቹ ቀናት ምን ሊሆነው ይችላል?

ፈረስ በዚህ ምድር ከመጓጓዣነት በላይ ትርጉም ነበረው። ደብረ ታቦር የራስ አሊ መናገሻ በነበረችበት ዘመን የመሳፍንቱ ኃይል የሚለካው በፈረሰኛ ብዛት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው «አባ ታጠቅ» ይባሉ ነበር። ሰው በፈረሱ ስም መጠራቱ ማንነቱን የሚያስመሰክርበት መንገድ ስለነበር ዛሬም ቢሆን የገጠሩ ወጣት ስለ ፈረሱ ሲጠየቅ ስለ ራሱ እንደተጠየቀ ቆጥሮ ነው የሚመልሰው።

ይህን ስሜት ወደ ተቋም የለወጠው የክልሉ ምሳሌ የሚገኘው በአዊ ነው። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓድዋ ድል የፈረስን ውለታ ለመዘከር ተጀምሮ ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ አባላት እንዳሉት ይነገራል። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚታየው ትርኢት ከማኅበሩ ሥራ በጣም ትንሹ ክፍል ነው። አባላቱ በችግር ጊዜ ይደጋገፋሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ አጥፊን ይገሥጻሉ። ልጁ በአባቱ ፈረስ ሲገባ አብሮ የሚገባው ታላላቆቹ ወደሚያዩትና ወደሚጠይቁት ሥርዓት ነው። ወጣቱን ከብቸኝነት የሚያወጣው ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ ፈረሱ በር ከፋች ነው እንጂ ብቻውን ሥራውን አይሠራም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» የሚባለውም ለዚህ ጉዳይ ይሠራል።

በሌላው ዓለምም የታየው ከዚህ ብዙ አይርቅም። በአሜሪካዋ ኮምፕተን ከወሮበላ ቡድኖች ጎረቤት የሚያድጉ ልጆች ፈረስ መጋለብና መንከባከብ እንዲማሩ ተደርጓል፤ በደቡብ አፍሪካዋ ሶዌቶም ለከተማው ልጆች የተከፈተ የግልቢያ ማዕከል አለ። በእነዚህ ሥፍራዎች ግልቢያው ይማርካል፤ ልጁን የሚለውጠው ግን ከግልቢያው በፊትና በኋላ ያለው ተግባር ነው። ፈረስ በማለዳ መጠጣትና መብላት አለበት፤ ጋጣው መጠረግ፣ ሰኮናው መታየት፣ ጀርባው በኮርቻ እንዳይቆስል መፈተሽ አለበት። የተቆጣ እጅ ያስደነግጠዋል፣ የረጋ እጅ ያረጋጋዋል። ማንም የማይጠብቀው ለመሰለው ወጣት በየማለዳው የሚጠብቀው ፍጡር መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የእንጀራ ጥያቄ ግን በስሜት አይመለስም። ፈረስ መኖ ይፈልጋል፤ የግጦሽ መሬት ደግሞ በየዓመቱ ወደ እርሻ እየተለወጠ ነው። በየከተማው ጋሪን ባጃጅ እየተካው ነው። መሬት የሌለውን ወጣት ፈረስ ገዝቶ መስጠት ዕዳ መስጠት ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በአፍሪካ የፈረስ በሽታ አንድ እንስሳ ሲሞት የወጣቱ ካፒታል በሙሉ አብሮ ይሞታል።

ስለዚህ በተናጠል ከመስጠት ይልቅ በማኅበር መያዙ የተሻለ ይመስላል። ለዚህ በቅርብ ያለው ትምህርት ከደባርቅ ይገኛል። የሰሜን ተራሮች ጎብኝ ጓዙን የሚያስጭንበት በቅሎና ፈረስ የሚቀርበው በአካባቢው ነዋሪዎች ተራ ነው። ገቢው ለአንድ ባለሀብት ሳይሆን ለብዙ ቤት ይዳረሳል። ደካማ ጎኑም ታይቷል፤ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲጀመር ጎብኝው ቀረ፣ ተራውም ቆመ። በቱሪስት ብቻ የቆመ ሥራ ሰላም ሲደፈርስ ቀድሞ የሚወድቅ ነው።

ደቡብ ጎንደር የራሱ መነሻዎች አሉት። የጉና ተራራ ከ4 ሺህ 100 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ነው። በደራ ወረዳ ወደሚገኘው የወንዛዬ ፍል ውኃ ፈውስ ፈላጊው ይጓዛል፤ ይህ ተጓዥ የውጭ ጎብኝ ባለመሆኑ የአውሮፕላን በረራ ሲሰረዝ አይጠፋም። ሕሙማንንና ጓዛቸውን በተራ የሚያጓጉዙ ወጣቶች፣ ኮርቻና ልጓም የሚሠሩና የሚጠግኑ እጆች፣ በየገበያው ቀን ሰኮናና ቁስል የሚያዩ በአጭር ሥልጠና የወጡ ረዳቶች ለዚህ አካባቢ የሚገቡ ሥራዎች ናቸው። የኋለኛው በተለይ ሊጤን ይገባዋል። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ይዛ የገጠሩ ባለፈረስ ለታመመ እንስሳው ሐኪም ለማግኘት ሩቅ ይሄዳል፤ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደግሞ በቅርብ ርቀት የእንስሳት ሕክምና ያስተምራል።

የዞኑ ወጣቶችና ሥራ ፈጠራ ጽሕፈት ቤቶች ለከብት ማድለብና ለዶሮ እርባታ ሲያደራጁ ፈረስን ከዝርዝሩ አለማስገባታቸው የሚያስገርም አይደለም፤ ፈረስ ከባህልና ቱሪዝም ወገን ተደርጎ ነው የሚታየው። በመርቆሬዎስ ዕለት ሜዳውን የሚያደምቁት ጋላቢዎች ስማቸው ተመዝግቦ፣ ከመካከላቸው ሥራ የሌላቸው ተለይተው፣ አንድ የጋራ ጋጣ በአንድ ቀበሌ ቢሞከር ወጪው ለአንድ በዓል ዝግጅት ከሚወጣው ብዙ የሚርቅ አይሆንም። ጋጣውን የሚመሩት ግን አረጋውያን ፈረሰኞች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ወጣቱ ቀርቶ ሲገኝ ቤቱ ድረስ ሄደው «ምን ሆነሃል ልጄ?» የሚሉት እነርሱ ናቸውና።