ፈንታሌን ለማየት የሚነሣ ሰው

 

ባለፈው ሰሞን በሰው አገር በሰው ቤት ስትደክሙ ከምትውሉት ከእናንተ ከእኅቶቼ አንዷ ስልክ ደወለችልኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አገሯን ሳታይ ሠርታ፣ አሁን የአንድ ወር ፈቃድ አግኝታ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ አዳማ ልትሄድ ነው። እንዲህም አለችኝ፦ «አባ፣ ጥዬው ስመጣ አራት ዓመቱ የነበረው ልጄ አሁን ዐሥር ሞላው። በስልክ ስንገናኝ ‹ደኅና ነኝ› ብሎ ለአያቱ ይሰጣታል። ስለ እሳተ ገሞራ ሲነሣ ብቻ አፉ ይፈታል፤ በትምህርት ቤት ተምሮታል፣ በቴሌቪዥንም አይቶታል። ‹ስትመጪ ፈንታሌን ታሳዪኛለሽ ወይ?› አለኝ፤ እኔም እሺ አልሁት። እናቴ ግን ‹ምድር በሚናወጥበት አገር ምን ልትሠሩ ነው!› ብላ ተቆጣች። ማንን ልስማ?»

እኔም «ሁለቱንም ስሚ» አልኋት። የልጁ ምኞት ጥሩ ነው፤ የእናትሽም ፍርሃት ከንቱ አይደለም። ሁለቱን የሚያስማማው በደንብ የታሰበበት ዕቅድ ነው። ብዙዎቻችሁ ለዕረፍት ስትሄዱ እንዲህ ያለ የአንድ ቀን ጉዞ ስለምታስቡ፣ ለእርሷ የነገርኋትን ለሁላችሁም እጽፈዋለሁ።

ፈንታሌ ምን ዓይነት ተራራ ነው?

ፈንታሌ ከአዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከመተሐራ ከተማ በስተሰሜን የሚታይ፣ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ተራራ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,007 ሜትር ከፍታ አለው። በዙሪያው ያለው ሜዳ 1,000 ሜትር ገደማ ብቻ ስለ ሆነ ተራራው ከሩቅ ጐልቶ ይታያል። ራሱ ሹል አይደለም። ጥንት ፈንድቶ በውስጡ የነበረው ሲወጣ ጫፉ ወደ ታች ሰምጦ፣ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል በ2 ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆን ትልቅ ጐድጓዳ አፍ ቀርቶበታል።

ወደ መተሐራ ስትደርሱ በመንገዱ አቅራቢያ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1820 ገደማ የተራራው ደቡባዊ እግር ተሰንጥቆ የፈሰሰ ቅልጥ ዐለት ነው። ከዚያም በፊት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈነዳ ጊዜ፣ ከተራራው በስተደቡብ የነበረ አንድ ከተማና ቤተ ክርስቲያን እንዳጠፋ በእሳተ ገሞራ መዛግብት ተጽፏል። 

በቅርቡ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል ቅልጥ ዐለት ከምድር በታች እየሰነጠቀ ስለ ገባ፣ ምድሪቱ ለወራት ስትናወጥ ከረመች። በታኅሣሥ ወር መጨረሻ፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጃንዋሪ 2025 መጀመሪያ፣ በዶፈን አጠገብ ምድር ተከፍቶ እንፋሎት ሲተፋ ታየ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ በመለኪያው 6 ገደማ ነበር። ቤቶች ፈረሱ፣ መንገድ ተሰነጠቀ፣ በአሥር ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎችም ከቀያቸው ወጥተው በመጠለያ ሰፈሩ። ቅልጡ ዐለት በዚያ ጊዜ ወደ ላይ ባይወጣም፣ ተራራው ሕያው እንደ ሆነ ግን ሁሉም ዐወቀ።

በኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (ኖቬምበር 23 ቀን 2025) ደግሞ በሰሜን አፋር፣ ከኤርታ አሌ አጠገብ ያለው ሃይሊ ጉቢ የተባለው ተራራ ፈነዳ። አመዱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ ወጥቶ፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በዖማን ሰማይ አልፎ ሕንድ ድረስ ሄዷል። በእነዚያ አገሮች ያላችሁ እኅቶች የአገራችሁ አመድ በራሳችሁ ላይ አልፏል ማለት ነው። ይህን ሁሉ የጻፍሁት ላስፈራራችሁ አይደለም። እንዲህ ያለውን ቦታ ሳይጠይቁ መሄድ እንደማይገባ እንድታውቁ ብዬ ነው እንጂ።

አስቀድሞ መጠየቅ

ስለዚህ ቀኑን ከመቍረጥሽ በፊት ዘመድ ልከሽ ወይም በስልክ ሦስት ነገር አስጠይቂ አልኋት። አንደኛ፣ ፓርኩ ለጐብኚ ክፍት ነው ወይ? የትኛውስ ክፍል? የአስፋልቱ መንገድ ፓርኩን ለሁለት ይከፍለዋል፤ በስተደቡብ የሳላ ሜዳና የአዋሽ ፏፏቴ፣ በስተሰሜን ፈንታሌና ፍል ውኃው ይገኛሉ። አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያውቀው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ነው። ሁለተኛ፣ ምድሪቱ ሰሞኑን ተናውጣለች ወይ? ስለ መንቀጥቀጥ የሚከታተሉት በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያሉት የጂኦፊዚክስ ምሁራን ናቸውና እነርሱ የሚሰጡትን መግለጫ ተከታተሉ፤ በየስልኩ የሚዞረውን ወሬ ግን አትመኑ። ሦስተኛ፣ መንገዱ በዚያ ሰሞን ሰላም ነው ወይ? ይህን በየቀኑ የሚመላለሱት ሾፌሮች ያውቁታል።

ጥያቄውም አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። ቀኑ ሲቈረጥ አንድ ጊዜ፣ በዋዜማው ደግሞ አንድ ጊዜ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና።

ለልጅ እውነቱን መንገር

ልጁ በቴሌቪዥን ያየው የሚንተከተክ ቀይ እሳት ነው። ፈንታሌ ላይ እንዲህ ያለ እሳት አይታይም። እሳቱ ለብዙ ዘመን ሲንተከተክ የኖረው በኤርታ አሌ ነው፤ እርሱም በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ፈንድቶ ነበር፤ በአንድ ቀንም ደርሶ መመለስ አይቻልም። እንግዲህ ልጁ ስድስት ዓመት እናቱን ሲጠብቅ ኖሮ፣ በመጣችበት ጊዜ ደግሞ «ዋሸችኝ» እንዳይል፣ የሚያየውንና የማያየውን አስቀድሞ መንገር ይገባል። የሚያየው ጥቁሩን ዐለት፣ ራሱ የሰመጠውን ተራራ፣ ከምድር ሆድ ሞቆ የሚወጣውን ውኃ፣ በሜዳውም ቀንዱ እንደ ጦር የቆመውን ሳላ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ነው። ይህም ጥቂት አይደለም።

ወደ ተራራው አፍ መውጣትም ለአንድ ቀን ጉዞ፣ በተለይም አሮጊትና ልጅ ይዞ፣ የሚታሰብ አይደለም። መንገዱ ለተራ ሚኒባስ አይሆንም፤ በፀሐይ ረጅም የእግር ጉዞም አለበት። ተራራውን ከታች ሆኖ ማየት ይበቃል።

ሰዓቱና መኪናው

ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ምእመናንን ይዤ ወደ አዋሽ ሄጄ ነበር። ምግቡን፣ መኪናውን፣ የሰውን ቍጥር ሁሉ አሰናድቼ፣ ሰዓቱን ግን ችላ ብዬው ነበር። ቁርስ በልተን፣ አንዱን እዚህ ሌላውን እዚያ እያነሣን፣ ፓርኩ የደረስነው በቀትር ነው። እንስሳቱ ሁሉ ጥላ ውስጥ ገብተዋል። አንዲት እናት ራሳቸውን አዞራቸውና ቀኑን ሙሉ ከግራር ሥር ተቀምጠን እርሳቸውን ስናራግብ ውለን ተመለስን። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ስለዚህ ከአዳማ የሚነሣ ሰው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሣ። መተሐራ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በር ላይ ከጧቱ 2 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። እስከ 4 ሰዓት ተኩል ድረስ እንስሳቱን ማየት፣ በቀትር ጥላ ውስጥ ማረፍ፣ 9 ሰዓት ሲሆን ደግሞ ለመመለስ መነሣት ነው። በጨለማ መንዳት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ ግን መንገዱ እጥፍ ስለ ሆነ አዳማ አድሮ ቢነሣ ይሻለዋል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ወራት ቀዝቀዝ ይላል። በግንቦትና በሰኔ ሙቀቱ ያደክማል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ የውስጡ መንገድ ይጨቀያል።

መኪና ስትከራዩ ነዳጁ በማን ላይ እንደ ሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደምትመለሱ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ገንዘቡን ሁሉ ለደላላ አትስጡ፤ ከፊሉን ቀድሞ፣ ቀሪውን ስትመለሱ ክፈሉ። መለዋወጫ ጎማ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ። የመግቢያና የፓርኩን ጠባቂ ክፍያ፣ ምግቡን፣ ውኃውን በወረቀት ጽፋችሁ ደምሩና ጥቂት መጠባበቂያ ጨምሩበት። «ከዓረብ አገር መጣች» ተብላችሁ ሰፈሩን ሁሉ ለመጫን አትገደዱ። ያ ገንዘብ በስንት ሌሊት እንቅልፍ ማጣት እንደ ተገኘ እናንተ ታውቃላችሁ።

ውኃ ለአንድ ሰው ከሦስት ሊትር አይነስ። የእናታችሁን የደም ግፊት መድኃኒት፣ ባርኔጣ ወይም ነጠላ፣ የተሸፈነ ጫማ፣ መታወቂያ ያዙ። ጉዞው በረቡዕ ወይም በዓርብ ከሆነ የጾም ስንቅ ከቤት ይሰናዳ፤ በዚያ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

በቦታው ስትደርሱ

ከጠባቂው አትለዩ። እንፋሎት ከሚወጣበት ስንጥቅ ራቁ፤ ቅርፊቱ ቀጭን ሊሆን ይችላል። እንዲህ ባለ ቦታ ከአየር የሚከብድ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ በጐድጓዳ ሥፍራ ይተኛል፤ ቁመቱ ያጠረውን፣ ማለትም ልጅን፣ ቀድሞ ይጐዳል። ስለዚህ ልጅ ወደ ጐድጓዳ አይውረድ። የፍል ውኃው ሙቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ጠባቂው ሳይፈቅድ ማንም እግሩን አያስገባ። በአዋሽ ወንዝ አዞ አለ፤ የፏፏቴው ገደልም ስለሚያንሸራትት ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ።

ምድር ብትናወጥ ከገደልና ከግንብ ርቃችሁ በሜዳው ላይ ቁሙ፤ ሲያበቃ ጉዞውን ትታችሁ ወደ ቤት ተመለሱ። በዚያ የሚኖሩት የከረዩና የአፋር አርብቶ አደሮች የዚያች ምድር ባለቤቶች ናቸው፤ ብዙዎቹም በ2017ቱ መናወጥ ቤታቸውን ትተው የወጡ ናቸው። ሰላምታ ሰጥታችሁ እለፉ፤ ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሡ።

ባይሆንስ?

የዚህ ዕቅድ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ፣ ቃል ገብቶ፣ ሌሊት ተነሥቶ መንገድ ከጀመረ በኋላ «ተመለሱ» ሲባል ያመዋል። በተለይ ለእናንተ፣ ቀኑ ከስድስት ዓመት አንድ ቀን ነውና። ግን ፓርኩ ዝግ ነው ቢባል ወይም እናታችሁ ቢደክሙ የት እንደምትመለሱ ከቤት ሳትወጡ ወስኑ። ያን ጊዜ መመለሱ ሽንፈት አይመስላችሁም።

መመለሻውም ሩቅ አይደለም። ከአዳማ አጠገብ ያለው የሶደሬ ፍል ውኃ የሚሞቀው በዚያው በስምጥ ሸለቆ እሳት ነው። በቢሾፍቱ ያሉት ሆራና ባቦጋያ ሐይቆችም እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በተወው ጐድጓዳ የተኛ ውኃ ናቸው። ዝቋላም ራሱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ ነው፤ አባቶቻችን የከበቡት ሐይቅ በአፉ ውስጥ ያለ ነው። ልጁ ከእነዚህ አንዱን ቢያይ የተማረውን አይቷል።

ከሳምንት በኋላ ያቺ እኅታችሁ መልሳ ደወለች። ወንድሟ ስለ ፓርኩ እየጠየቀላት ነው፤ ተለዋጩም ቢሾፍቱ ሆኗል። እናቷ «ከመኪናው አልወርድም እንጂ አብሬ እሄዳለሁ» ብለዋል። ለልጁም እሳት እንደማያይ ስትነግረው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጥቁሩን ድንጋይ ግን እነካዋለሁ?» አላት። ከዚያ ወረቀት አምጥቶ የሚያዘውን ስንቅ ሲጽፍ፣ እርሷም ስትነግረው፣ ሳያውቁት አንድ ሰዓት አለፈ። «አባ፣ ከዚህ በፊት ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር» አለችኝ።

እኔም ከዚህ በኋላ የምጨምረው አልነበረኝም። የምትሄዱ በደኅና ሂዱ፣ በደኅናም ተመለሱ፤ ፈቃድ ያልተሰጣችሁም ቀኑን አምላክ ያቅርብላችሁ። ለሚቀጥለው ወር በሰላም ያድርሰን።